ጁምዓ ያመነው

ይድረስ ለወንድሜ ለገላው፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ዳገቱን ይወጣልሃል? ማናለብሽስ ዓይኗን ተሻላት? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ከረመ? የእኔን ጤንነት ከእጅ ጽሕፈቴ ታየዋለህ፤ መስመሩን አልሳተም።

ዋናው ወሬዬ የጁምዓ ነው። ጁምዓ አጥር የምንጋራ የበርታ ተወላጅ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በዘበኝነት ከሚሠራበት ወፍጮ ቤት ሞተር ጠፋና ታሰረ። ምሳ ይዤለት ስሄድ መርማሪው በትሕትና ተቀበለኝ። እኔም ጁምዓን፣ «ሰውየው ጨዋ ነው፤ እመነው» አልኩት። ለካ መርማሪውም፣ «እመንና ነገውኑ ማሽላህን ከወፍ ትጠብቃለህ» ብሎት ኖሯል። ጁምዓ ሰረቅሁ ብሎ ፈረመ። ማሽላውን ወፍ ጨረሰው፤ እሱም ወር ሙሉ ታስሮ ቀረ።

የቀጠሮው ዕለት ዳኛዋ የመታህ አለ ወይ ብትለው፣ የለም አለ። ታዲያ በፈቃድህ ነዋ ያመንከው ብትለው፣ «እሱ እመን አለኝ፤ እማማ የሺም እመን አለኝ፤ አመንኩ» አላት። አለችኝ ማለቱ ነው፤ አርባ ዓመት ባርመው አልታረመም። ሞተሩስ የት አለ ስትለው፣ «እሱን አልነገሩኝም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁና፣ ይህ ሰው ያመነው መርማሪውን እንጂ ስርቆቱን አይደለም፣ ቃሉን ሳላጠራ የነገርኩት እኔም ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። መርማሪው ተስፋ መስጠቱን አልካደም፤ ዱላ አላነሣሁም እኮ ነው መልሱ። ላም በጨው ተስባ በረት ብትገባ ወዳ ገባች ይባላል? እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ሌባም ምሕረት ሲሸተው እውነቱን ያወጣል፤ ወረቀቱ ግን ሁለቱን አይለይም። ዳኛዋ የተፈረመውን ቃል አልቀበልም አለች። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ ጁምዓ ተፈታ፤ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለን የአስተማሪያችን የቀለም ብልቃጥ ተሰብሮ፣ ጥፋተኛው ካመነ አልገርፍም፣ ሁላችሁም ወደ ቤት ትሄዳላችሁ ብሎን ነበር። አንተ ርቦህ ሰበርኩ ብለህ ተነሣህ፤ አምስት አለንጋ ቀመስክ። የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። ስትገረፍ መጽሐፌን እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር እልሻለሁ ብለህ አላባበልኸኝም፤ ይህን የጻፍኩልህ ወድጄ ነው።

ማናለብሽን ሳምልኝ። ልጃችሁ ረድኤት የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል ትጻፍልኝ። ጁምዓም ሰላም በልልኝ ብሎኛል።

እኅትህ የሺሀረግ
አሶሳ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.