ከፓዳንግ ጃያፑራ ስንት ሰዓት ነው?

ሰኔ 2
ቀይ ቃሪያ ስፈጭ ዋልኩ። ዓይኔ እስካሁን ያቃጥለኛል። ራፍኪ ከሥራ ገብቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ነገር እንዳለው ገባኝ... የወለድኩት አይደል? ኔልቪያን ሊያገባ ነው። እዚህ ፓዳንግ ስትማር የማውቃት ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ጃያፑራ ምግብ ቤት አላቸው። ኑሯቸው እዚያ ይሆናል። በወጋችን ወንድ ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው፤ ምን እላለሁ? ግን የአገሩ ጫፍ ድረስ? አንድ ልጄን?

"ሰባት ሰዓት ተኩል በረራ ነው እማ፤ ምን አላት" አለኝ።

ሰኔ 3
ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር። ጃካርታ መውረድ፣ ማካሳር መውረድ። መጠበቁ ሲጨመር አሥራ ስምንት ሰዓት። ሰባት ተኩሉን ከየት አመጣው? አየር ላይ ያለውን ብቻ ቆጥሮ።

ሰኔ 8
መላ አገኘሁ። ሙሽራ ከናቱ ቤት የሚወሰደው በሴቷ ወገን ሽማግሌ ነው። እዚሁ ያሉት ዘመዶቿ እንምጣ ቢሉ እምቢ አልኩ። ከራሷ ቤት፣ ከጃያፑራ፣ ትልቅ ሰው ይምጣ። ያለዚያ ልጅ የለም።

ወንድሜ ዛምሪ ሳቀብኝ። "ወጉን ነው የያዝሽው ወይስ ኪሎ ሜትሩን?"

ቃሪያዬን መፍጨት ያዝኩ።

ሰኔ 19
ከጃያፑራ መልስ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ራፍኪ ሳህኑን ይዞ ደጅ ነው የሚበላው። ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ዋልኩ።

ሰኔ 27
የኔልቪያ አያት ይመጣሉ። ራሳቸው! ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከአርባ ዓመት በፊት በመርከብ ሄደው ያልተመለሱ ሴት።

ሐምሌ 5
መጡ። አውሮፕላኑ ማካሳር ላይ ዘግይቶ ሃያ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ስላለ በካልሲ ደረጃዬን ወጡ። ሙሽራ ለመጥራት የሚያዘውን የነሐስ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አይገባም ብለው መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ ነው ያቀፉት። ፊቴ አስቀመጡት። አፈርኩ። የምገባበት ጠፋኝ።

እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብ ቀስ ብለው አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኔ ባሌን ተከትዬ ስሄድ እናቴ እዚህ ቀረች። ሩቅ ነው እያለች ሳትመጣ ሞተች። እኔም ሩቅ ነው እያልኩ ሳልቀብራት ቀረሁ። አንቺ እንዳትዪው።"

ሰው ፊት አለቀስኩ። ልጄን ሰጠሁ።

ሐምሌ 14
ሄደ።

ነሐሴ 3
ንጋት ላይ ደወልኩ። እዚያ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ሥራ ገብቷል። ሁልጊዜ ቀድሞኝ ነው የሚነቃው። የግድግዳ ሰዓቴን በነሱ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ወደፊት አዞርኩት። ዛምሪ እሱን አይቶ ሁለት ጊዜ መስጊድ ቀድሞ ደርሶ ተቆጣኝ።

ጥቅምት 11
ማካሳር። ስድስት ሰዓት ሙሉ አየር ማረፊያ ወንበር ላይ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም... እግሬም ማበጥ ጀምሯል። ለራፍኪ የሠራሁትን የሥጋ ወጥ ጭኔ ላይ አቅፌአለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ተነስቼ ሰሌዳውን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።

አጠገቤ ያለች ልጅ አየችኝና፣ "እማማ፣ ከየት ነው የሚመጡት? ሩቅ ነው?" አለችኝ።

"ከፓዳንግ" አልኳት። "ጃያፑራ ድረስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ምን አላት።"