የበቅሏችን ገዳይና የእምዬ ፍርድ

ይድረስ ለወንድሜ ለእንዳለው፤
አርባ ምንጭ።

እንደምን ከርመሃል፣ ወንድምዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የቆላ ወባ ዘንድሮ ምሮሃል? ፀደይስ ደህና ናት? ልጆቹስ ትምህርታቸውን ይዘዋል? የምትጠብቀው ጫካና በውስጡ ያሉት አውሬዎችም ሰላም ይሁኑልህ። እኛ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን አለን። እምዬ ከጉልበቷ በቀር ምንም አላላትም። ደህና ነን ስልህ ግን አካላችንን ማለቴ ነው እንጂ አንጀቴስ እርር ድብን ብሎ ነው የከረመው።

በስልክ «በቅሏችን ሞተች» ብዬህ፣ አንተም ሌላ እገዛለሁ እንዳልከኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። አልሞተችም፤ ተገደለች። የገደላት ክንፈሚካኤል የሚባል፣ ቡሬ ላይ ትልቅ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተም የአውሬ ጠባቂ ነኝ ብለህ ለመፍረድ አትቸኩል፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

መስከረም ላይ ከርከሮው በቆሎውን አላስቀምጥ አለ። ገበሬው ማማ ላይ እያደረ ሲሰለቸው ቀበሌው ሰበሰበን። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ፣ አውሬ ከልክ ሲያልፍ መቀነስ ያለ ነው፣ ፈቃድ የተሰጣቸው አዳኞች ከከተማ መጥተው ከርከሮውን ብቻ ያድኑላችኋል አለን። ቄስ ደረሰ ተነሥተው፣ ከርከሮ ለኛ ሥጋው አይበላ፣ ቀንድ የለው ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ለድኩላው ነው አሉ። ክንፈሚካኤል ከፊት ተቀምጦ ሳቀ። እናንተ ሰብላችሁን ታተርፋላችሁ፣ እኛም እንዝናናለን፣ ማን ይጎዳል ብሎ መለሰላቸው። ያኔ ስነግርህ አንተም ሕግ ያለው አደን ለአውሬውም ይበጃል አልከኝ። ሕጉን ማን ይዞ እንደሚቆም ግን አልነገርከኝም።

ቄስ ደረሰ ያሉት አልቀረም። እሑድ እሑድ መኪናቸውን ወንዙ ዳር አቁመው፣ ቢራቸውን ጥላ ውስጥ ደርድረው ይተኩሳሉ። ከርከሮው በአጠገባቸው ሲያልፍ ዝም ይሉታል፤ ድኩላዋን ግን ከነልጇ ጣሏት። በቆሎው የተበላበት ገበሬ ከርከሮ ቢገድል እኔ ራሴ ውሃ አቀብለዋለሁ። የራበው ሰው ቢያድንም ይገባኛል። ለሳቅ የሚገድል ሰው አይገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈልግም።

ጥቅምት ላይ ነው፣ አንድ እሑድ ሊመሽ ሲል። ዳማዋ በቅሏችን ወንዙ ዳር ታስራ ስትግጥ ተኩስ ሰማሁና ሮጥኩ። ስደርስ ወድቃለች፤ ገመዷ ከችካሉ እንኳ አልተፈታም። ክንፈሚካኤል ድኩላ መስላኝ ነው አለ። የታሰረ ድኩላ የት አይቶ እንደሚያውቅ እንጃለት። ገንዘብ ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ባየሁ ጊዜ አፈር ዘግኜ ፊቱ ላይ በተንኩበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እምዬ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀረባት። የኪዳነ ምሕረትን ዳገት ታውቀዋለህ፤ በዚያ ጉልበት ያለ በቅሎ የሚሞከር አይደለም። እሑድ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ትቀመጥና ደወሉን ብቻ ትሰማለች። ያን ሳይ መጋዘኑን ነቀዝ እንዲወርሰው፣ ጠመንጃው በዓይኑ ፊት በመዶሻ እንዲቀጠቀጥ እለምን ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ባይለኝም ከልመናዬ አልመለስም።

ኅዳር ሲገባ ሰውየው ሽማግሌ ይዞ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጃችን መጣ። አንዲት በቅሎም ከነኮርቻዋ አስነድቶ አጥሩ ላይ አስሯታል። እምዬን የማያውቃት የለም፤ ለሰረቃት ሌባ እንኳ የምታለቅስ ሴት ናት። ይህን ርኅራኄዋን ተማምኖ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እሜቴ የፈረዱብኝን ሁሉ እፈጽማለሁ ብሎ በቄስ ደረሰ መስቀል ማለ፤ ዋስም ጠራ። ወዲያው ይቅር ለእግዚአብሔር ብላ ድንጋዩን የምታስወርደው መስሎታል።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እምዬ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። እሷም መፍተሏን ቀጠለች። ፀሐዩ በረታ፤ የሰውየው ላብ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር። ሽማግሌዎቹ አንዴ እሷን አንዴ እርስ በርሳቸው ያያሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመጨረሻ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«በቅሎህን መልሳት። ዳማዬ እግሬ ነበረች፣ እግሬን ነው የወሰድከው። እሑድ እሑድ አዝለህ ኪዳነ ምሕረት ታደርሰኛለህ፤ አዝለህ ትመልሰኛለህ።»

ሽማግሌዎቹ ክው አሉ። አንደኛው ሊያለሳልስ ብሎ፣ እስከ መቼ ይሁን እሜቴ ቢላት፣ «እስኪበቃኝ» አለችው። መሐላው ተምሏል፣ ዋሱ ተጠርቷል።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረም። ቡሬ ላይ ሰው ከወንበር የሚነሣለት ክንፈሚካኤል ጎንበስ ይልና እናታችንን ያዝላል። እምዬ የዳማዋን አለንጋ ይዛ ነው የምትወጣው። አትመታውም፤ በትከሻው ላይ አሳልፋ እፊቱ ታንጠለጥለዋለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ ያያል። አብረውት ሲተኩሱ ከነበሩት ጓደኞቹ አንድም ዝር አላለም።

የአደን ፈቃዱ ታግዷል። ከርከሮው ግን መታገዱን ሲሰማ ብሶበት የተረፈውን በቆሎ ጨረሰው። በስብሰባው ግማሹ አደን ለዘላለም ይቅር ይላል፤ ግማሹ ደግሞ በእነሱ በቅሎ ምክንያት ሰብላችን ተበላ እያለ እኛን ያማል። ጎረቤታችን አለበል ሰላምታ ነስቶኛል። መሥሪያ ቤትህ ለዚህ መላ ካለው ጻፍልኝ። ከገበሬው ጋር መክሮ የሚያድን ይምጣ፤ የሚዝናና ግን ሌላ አገር ይፈልግ።

ፀደይን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም ጉንጫቸውን። ባሌ አለኸኝ እጅ ነሥቷል፤ ልጄ ያምሮት አጎቴን ናፍቄዋለሁ ትላለች። ቄስ ደረሰ ይባርኩሃል፤ እምዬን ይበቃሻል ብለው ቢገሥጿት እሺ አላለቻቸውም። አንተ ሌላ በቅሎ እገዛለሁ ማለትህንም ነግሬያት ነበር። እንዳትገዛ ብላሃለች። እግዜር ቶሎ ይውሰደኝ ስትል የከረመችው እናታችን አሁን አደራ የምትልህ፣ ዕድሜ እንድትለምንላት ነው።

እህትህ ቻይነሽ
ቡሬ፣ ኅዳር 29 ቀን 2012 ዓ.ም.