ሦስተኛው አንጓ መቼ ተለወጠ?

ኒው ዮርክ፣ ኅዳር 1927 እ.ኤ.አ.

አባቶቻችንን በባሕር መካከል ያሳለፈ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ለተወደድህ ታናሽ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸውን? እኔ፣ ሐኪሙ ልብህን ጠብቅ፣ ደረጃ አትውጣ እያለ ከሚቆጣኝ በቀር፣ ደኅና ነኝ።

የምጽፍልህ ስለዚያ ስለ እናት ዘፈንህ ነው። አምና በእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ በእኔው ቀለም፣ በይዲሽ ቋንቋችን ስትጽፈው አጠገብህ ነበርሁ። በፋሲካ ማግስት በቲያትር ቤት ሲዘፈን፣ በሦስተኛው አንጓ እናቲቱ በፖላንድ ባለችው ከተማችን በቢያሊስቶክ በመስኮቷ ተቀምጣ ልጆቿን ትጠብቅ ነበር። ቲያትር የማልወደው እኔ እንኳ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ በሠርግ ቤትና በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሳይቀር እንዲሁ ሲዘፈን ሰምቻለሁ። ትናንት ግን ጎረቤቴ ወይዘሮ ዝላታ አዲሱን ሸክላ ስታጫውት በግድግዳው በኩል አዳመጥሁ፤ በዚያው አንጓ መስኮቱ ተዘግቷል፤ እናቲቱም የለችም።

ደውዬ ብጠይቅህ ሳቅህ። «ጋሼ፣ በሕይወት ያለች እናት ሸክላ አታሸጥም» አልኸኝ።

እዚያ ከእናታችን ጋር የቀረችው እኅታችን ደብዳቤዋን በአንተ አድራሻ ትልካለች። ከሰኔ ወዲህ ግን «እማማ ደኅና ናት» የሚለውን ከአንተ አፍ እንጂ ከእርሷ ወረቀት አላገኘሁም። አምጣው ስልህ አንድ ጊዜ ጠፋ፣ ሌላ ጊዜ ልጆቹ ቀደዱት ትላለህ።

ዛሬ ደግሞ የሰፈርህ ምኩራብ አገልጋይ ጌትስል የጸሎት መጻሕፍት ሊዋስ ወደ እኛ መጥቶ ቀለደብኝ። «ያ የቲያትር ወንድምህ ምን ነካው? ለዓመት በዓል እንኳ ተለምኖ የማይመጣ ሰው፣ አሁን በየማለዳው ከእኔ ቀድሞ በር ላይ አገኘዋለሁ። ዘፋኞቹ አባረሩት እንዴ?» አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጉባኤው ሲቀመጥ እርሱ ይቆማልን ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለወጠ። መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ወንድሜ ሆይ፣ ልጅ ለሞተ ወላጁ ቆሞ የሚያደርሰው ጸሎት ዐሥራ አንድ ወር ብቻ እንደ ሆነ ታውቃለህ። በኵሩም እኔ ነኝ። ለልቤ ሠግተህ የእኔን ድርሻ ጭምር ተሸክመህ እንደ ሆነ አልቈጣህም። ነገር ግን ስንት ማለዳ አለፈኝ? ስንትስ ቀረኝ?

መልስ አትጻፍ፤ በስልክም አትቀልድብኝ። ሐሙስ ማለዳ ድልድዩን ተሻግሬ እመጣለሁና ከጎንህ ቦታ ያዝልኝ። ስቆምም ክንዴን ደግፍ።

የያዕቆብ አምላክ አንተን፣ ባለቤትህንና ልጆችህን በክንፎቹ ይጋርድ፤ ቤታችሁንም ሰላሙ ይሙላው።

ታላቅ ወንድምህ