ለኪቦርድ እኩልነት ለቆሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ የጽሕፈቱን ሥራ ሁሉ ብቻዋን የተሸከመችው የቀኝ እጅዎ ሌባ ጣት ደኅና መሆኗን ለመስማት እጓጓለሁ። እኔ በጣም ደኅና ነኝ፤ ሰሞኑን እንዲያውም እንቅልፌ ተሻሽሎልኛል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ካላስታወሱኝ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ጽሕፈት ክፍል የምትሠራው፣ ግራ እጇን የዳቦ ማሽን የጎዳባት ጸሐፊ አጎት ነኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ኮምፒውተርን የተማርኩት የራሴን እያበላሸሁ ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ግን የምትመካበት ነገር ስላላገኘችብኝ ስሜን አንስታ አታውቅም። ይህንንም የምጽፈው ሳትልከኝ ነው። ደብዳቤዬን ለሁሉ ክፍት ያደረግሁት ሠራተኞችዎ በደግነትዎ አብረውን እንዲደሰቱ ብዬ ነው። ምስጋናዬም በተራ እንደሚከተለው ነው።

፩. መሥሪያ ቤቱ ሊኑክስ ወደሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲዛወር የእህቴ ልጅ ተቸግራ ነበር። «ጠ»ን ለመጻፍ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ በአንድ እጅ ይዞ ፊደሉን በሌላው መምታት ያስፈልጋል፤ እሷ የምትሠራው ግን በአንድ እጅ ነው። የኪቦርዱን ማስተካከያ ከፍተን ስናስስ፣ ሺፍትን ነክቶ ከለቀቁ በኋላ ፊደሉን ለብቻው መንካት የሚፈቅድ ምርጫ አገኘን፤ እሱን አበራንና ከባልደረቦቿ እኩል ስትጽፍ ከረመች። እርስዎ ይህን ባዩ ጊዜ የጽሕፈት ክፍሉ ኮምፒውተሮች ጠዋት ሲከፈቱ ሁሉም ወደ አንድ ዓይነት ማስተካከያ እንዲመለሱ አደረጉ፤ የማስተካከያውንም ገጽ ቆለፉት። ለእኩልነት ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ። ጫማችንም በአንድ ቁጥር ይሁን ብለው ባለማዘዝዎ ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ።

፪. ማመልከቻ ስታቀርብልዎ፣ ባልደረቦቿ እየሰሙ «እህቴ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ሕግ አይፈርስም፤ ካቃተሽ መጋዘን ውስጥ ሥራ አይጠፋም» ብለው ወረቀቱን መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። ቀጥሎም ፍጥነቷ ቀንሷል ተባለና የፊታችን ሐሙስ እንድትፈተን፣ ከወደቀችም ከጽሕፈት እንድትነሳ ተወሰነ። ያዘገዩዋትም የሚፈትኗትም እርስዎ ስለሆኑ፣ ብዙ ሰው ሳይደክም ነገሩ ማለቁን ወድጄዋለሁ። ባለፈው እሑድ እቤቷ ስገባ ሺፍትን በአገጯ ተጭና ስትለማመድ አገኘኋት። ስታየኝ ቀና ብላ «ጋሼ፣ አትሳቅብኝ» አለች። እኔ በሁሉ ነገር የምስቅ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ሳቄን ለእርስዎ አስቀመጥኩት።

፫. ልለምንዎ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ስላደረጉልኝ መስተንግዶ። ወንበር ስላልሰጡኝ ከጀርባዎ ቆሜ ስክሪንዎን በሚገባ ለማየት በቃሁ። በዚያች በአንዲት ጣትዎ እየጻፉ ሳለ ስልክ ተደወለልዎ፤ ጣትዎን ፊደሉ ላይ እንዳሳረፉ ስለ መኪናዎ ጎማ ረጅም ወግ ጠረቁ። በእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ያ ፊደል ገጹን ባጥለቀለቀው ነበር። የእርስዎ ላይ ግን አንዴ ብቻ ተጽፎ ቆመ፤ ለጣትዎ ልማድ ሲሉ የቁልፉን መደጋገም አጥፍተውታልና። እጅ ነስቼ ወጣሁ።

እቤቴ ደርሼ ለሥራ አስኪያጁ የጻፍኩት አቤቱታ እንዳይመስልዎ፤ ውዳሴ ነው። እንዲህ ያለ ድንቅ ደንብ በጽሕፈት ክፍል ብቻ ተወስኖ መቅረቱ እንደሚያሳዝንና ከኃላፊዎች ቢሮ ጀምሮ ያለ ልዩነት ቢሠራበት መሥሪያ ቤቱ እንደሚኮራ ገለጽኩላቸው። ደስ አላቸው፤ ፈረሙ። በማግስቱ የእርስዎም ኮምፒውተር እንደ ሌሎቹ ወደ አንዱ ማስተካከያ ተመለሰ፤ ገጹም በራስዎ ቁልፍ ተቆለፈ፤ ያለ እሳቸው ፊርማም አይከፈትም። ጉድጓድ ሲቆፍሩ አያርቁት ይላሉ አበው፤ እርስዎ ግን በቁመትዎ ልክ ስለቆፈሩት የሚወቅስዎ የለም።

፬. ለቦርዱ ስላቀረቡት ሪፖርት። ሲጽፉ ዓይንዎ ከኪቦርዱ ስለማይነሳ፣ ስልክ ባነሱበት ቦታ ሁሉ «ምምምምም» የሚል ሙሉ አንቀጽ እንደበቀለ ሰምቻለሁ። ሰብሳቢውም «ይህን የጻፈው ጥርሱን ያመመው ሰው ነው እንዴ?» አሉ አሉ። ያን ቀን ነው ያስቀመጥኩትን ሳቅ ያወጣሁት። እንቅልፌም የተመለሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

፭. በመጨረሻም፣ ከደንቡ ነፃ እንዲያደርጉዎ ለሥራ አስኪያጁ ላቀረቡት ማመልከቻ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጣትዎን ስላላመኗት ረቂቁን ለጽሕፈት ክፍል ላኩት፤ የደረሰውም የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ነው። ምን እንደሚል አልነገረችኝም፤ የሰው ምስጢር አታወጣም። ሺፍቱን በአገጯ እየተጫነች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ፊደል ሳታዛንፍ እንደጻፈችልዎ ግን ባልደረቦቿ አይተዋል። የሥራ አስኪያጁን ውሳኔ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መላው ሠራተኛ አንብቦታል፦ «ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ይስተናገድ። ኃላፊው እጃቸው ላይ ለቆየው ማመልከቻ ሳይፈርሙ የእሳቸው አይታይም።»

ስልክዎ በሥራ ሰዓት እንዳይጮህ፣ ጣትዎም ባረፈችበት እንዳትረሳ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የደንብዎ አድናቂ፣ የውርደትዎ የቅርብ ተመልካች፣
የአንዲት ጸሐፊ አጎት

ማስታወሻ፦ ፈተናው ሐሙስ ነው፤ ማመልከቻዋም ከዚያው መሳቢያዎ ውስጥ ነው። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው የማስታውስዎት፤ ለመፈረም አንድ እጅ ይበቃል።