የእዩልኝ ልጅ

ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱን ከማን እሰማለሁ? አንተን የቀበርንህ ሩዙ አረም ላይ ሳለ ነበር፤ ዛሬ ታጭዶ ተከምሯል። አራት ወር ሆነህ ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ግን ስዋሽ ፊቴን አይተህ ታውቅብኝ ስለነበር ይቅር።

ቤቱ ጭር ብሏል። ልጃችን የሺ፣ ባሕር ዳር ነይ፣ አብረን እንኑር እያለች በስልክ ትወተውተኛለች። ያላት አንድ የኪራይ ክፍል ነው፤ እኔስ ብሆን መሬትህንና ላሞቹን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ? አልሄድም ስላት፣ እንግዲያው ሌላው ቢቀር ውሻ አሳድጊ አለችኝ። እንዲህ ያለችኝ ውሻህ እዩልኝ ስለሞተ ነው።

የሞተው አርባህ በወጣ ሰሞን ነው። ከቀብርህ ዕለት ጀምሮ ምግቡን እያሸተተ ይተወው ነበር። በሩ ላይ ተጋድሞ የወረታን መንገድ ሲያይ ይውላል፤ ከገበያ የምትመለስ መስሎት ነው። አንድ ጠዋት ብጠራው አልተነሳም። ለውሻ አለቀሰች እንዳልባል ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

አሁን የምነግርህን ተቆጥተህ አትስማኝ። ጉድጓዱን የቆፈረለት አያ ዳኘው ነው። አዎ፣ ያው የአጥር ማዶው ዳኘው። ማንም ሳይጠራው ዶማውን ይዞ መጣ። የውሻው ስም ለማን እንደወጣ እሱም አገሩም ያውቃል። ያኔ የርብ ውሃ ሞልቶ ድንበሩን ደለል ሲያለብሰው፣ እሱ ወደ እኛ አልፎ አረሰ፤ አንተም በዚያው ሰሞን ላመጣኸው ቡችላ እዩልኝ ብለህ ስም አወጣህ። ወደ አጥሩ ዞረህ «እዩልኝ!» እያልክ ስትጣራ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ እስቅ ነበር። ስንት ዓመት ጮህክበት፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልህም።

ጉዱ ግን ከዚህ ወዲያ ነው። አያ ዳኘው በቅርቡ አንድ ቡችላ በጋቢው ሸፍኖ መጣ። ሴቷ ውሻው ወልዳ ኖሯል። ቡችላውን ሳየው ክው አልኩ፤ ደረቱ ላይ ያው የእዩልኝ ነጭ ምልክት፣ ያው የተንጋደደ ጆሮ። እናንተ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ፊታችሁን ስታዞሩ፣ ውሾቻችሁ አጥሩን ሾልከው ተዛምደዋል። ሳቄ መጣ።

አልተቀበልኩትም። ላስብበት ብዬ መለስኩት፤ ሳስብም እንቅልፍ አጣሁ። ታመህ ሳለህ የንስሐ አባታችን ላስታርቃችሁ ሲሉህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እሱ ግን አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ያልታረቅከው ሰው የሰጠኝን ውሻ ቤትህ ባስገባ አጥንትህ ይወቅሰኝ ይሆን? አገሩስ የባሏ መቃብር ሳይደርቅ ድንበሩን ለቀቀች አይለኝም? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ይኸኛው ጡት የጠባው ግን እዚያ ማዶ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቤቱ ውሻ ካጣ ወዲህ ጅቡ በጌን ከበረት አውጥቶ ወስዶብኛል። ከሁሉም በላይ፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ቤት ስገባ ብድግ የሚልልኝ ነፍስ የለም።

ኋላ ራሴ ወደ አያ ዳኘው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ቡችላውን እወስዳለሁ፣ ድንበሩ ግን በቡችላ አይታለፍም፤ አዝመራው ሲገባ ሽማግሌ ተቀምጦ ይየው አልኩት። እሱም፣ ባልሽ በሕይወት ሳለ ይህን እኔው ራሴ ልለው የሚገባኝ ነበር አለኝ። ጸጸት ይሁን ማባበያ አልገባኝም። አንተ ብትሆን ትለየው ነበር።

ይኸው ቡችላው እግሬ ሥር ተኝቶ ነው የምጽፍልህ። አጥፊ ነው። ከበሩ ጀርባ ካስቀመጥኩት የኮንጎ ጫማህ አንዱን አኝኮ ጨረሰው። ልመታው አለንጋ አንስቼ ነበር፤ ጫማውን ታቅፎ ተኝቶ ሳየው መልሼ ሰቀልኩት። ልክ መሥራቴን ግን እስካሁን አላውቅም። እንደከዳሁህ የሚሰማኝ ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቡችላውን እንኳ ለማየት አፍራለሁ።

ስም ሳላወጣለት ሰነበትኩ። አያ ዳኘው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ጆሮውን አቁሞ እንደሚያዳምጥ አይጠፋኝም፤ የዚህ ቤት ውሻ ስም መልእክት እንዳለው ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል። ትናንት አወጣሁለት። አንተ ስም የምታወጣው ጎረቤት እንዲሰማ ነበር፤ እኔ ያወጣሁት አንተ እንድትሰማ ነው። ስሙን «አልረሳህም» ብዬዋለሁ። እንግዲህ ማለዳም ሲመሽም ደጃፉ ላይ ቆሜ በዚያ ስም ስጣራ፣ ውሻው ይምጣም አይምጣም፣ የጠራሁት አንተን ነው።