በእማማ ዙቤዳ ምትክ መታሰርን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አሰላ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎና ጠረጴዛዎ ላይ ለተደረደሩት ሦስት ማኅተሞች ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የጭላሎ ብርድ አጥንት ድረስ የሚገባበት ወር ስለሆነ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለችው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳትበላሽብዎም ከልቤ እጸልያለሁ። የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ንቄ አይደለም፤ የሰው ስም ሳልጠይቅና ሳልጠራ ማሳለፍ ልማድ ስለሆነብኝ ነው፤ ለዚሁ ልማዴ ጽሕፈት ቤትዎ ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ቀናት ላሳየው ልዩ ትኩረትም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዮፍታሔ አሳምነው እባላለሁ። ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ በከተማችን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሻን ሆኜ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስድስቱንም ዓመት የኖርኩት በእማማ ዙቤዳ ቱሳ ግቢ፣ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነው። እማማ ዙቤዳ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ዛሬ በማረፊያ ቤታችሁ ሲሚንቶ ላይ የተኙት እሳቸው ናቸው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ይህ ደብዳቤ ከዚህ ሌላ ምንም የሚለው የለም። ቢሆንም በሁለት መስመር ብጽፈው ሰው የጻፈው እንደማይመስልዎ ስለተረዳሁ፣ እንደ ወጉ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ጥፋቴን ላስረዳ። አንድ ሰው በኢንተርኔት አንድ ነገር ሲፈልግ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ በየደረሰበት ይመዘገባል። ይህ እንዲሆን የማይፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ደግሞ እናንተ እንደምትጠረጥሩት ሌባ አይደሉም። ኮሌጃችን ውስጥ አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ስሟን ቀይሬ ሀሴት ልበላት። ለእናቷ እንኳ መናገር ያፈረችውን ሕመም በጋራው ኮምፒውተር ስትጠይቅ፣ ያነበበችው ሁሉ እዚያው ተመዝግቦ ቀረና ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠው ተማሪ አየው። በሳምንቱ ግቢው በሙሉ ሲጠቋቆምባት ትምህርቷን ጥላ ወደ ሮቤ ተመለሰች። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቶር የሚባለውን መረብ ያወቅሁት፤ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በቤታቸው ኮምፒውተር የማያውቁትን ሰው መልእክት እየተቀበሉ ለሚቀጥለው ያሳልፋሉ። መልእክቱ እንደታሸገ በሦስት ቤት ያልፋል፤ የመሃሉ ቤት ከማን እንደተነሣም ማን ዘንድ እንደሚደርስም አያውቅም፤ እሽጉንም መክፈት አይችልም። እኔ የመሃሉ ቤት ነበርኩ፤ በቃ፣ ሴራው ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልጋሉ። መስመር ለማስገባት የከተማው መታወቂያና የቤት ካርታ አምጣ ተባልኩ፤ እኔ ዘንድ አንዱም አልነበረም። ስለዚህ እዚህ አገር ተከራይ የሆነ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ እማማ ዙቤዳን ይዤ ሄድኩ፣ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙልኝ። ስለ ሰው ስም መሸሸግ ተናግሮ የማይጠግበው ሰውዬ፣ ወረቀቱ ላይ ራሱን ሸሽጎ የአንዲት አሮጊት ስም አሰፈረ! ይህን እናንተ እስክትመጡ ድረስ እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር። ስላሳያችሁኝ፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

ለእማማ ሳልነግራቸው ግን አላደረግሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲሬ በኩል የሚመጣው ገበያተኛ ዙሪያ ጥምጥም እንዳይሄድ በእሳቸው ግቢ ያቋርጣል፤ የፊቱ በር አስፋልቱ ላይ፣ የጓሮው በር ገበያው ላይ ነው፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ መሃል ላይ አንድ ጆግ ውሃ ከነብርጭቆው ይቀመጣል። እንደነሱ ነው እማማ፣ የማናውቀው ሰው በእኛ በኩል አልፎ ይሄዳል አልኳቸው። ስማቸውን ትጠይቃለህ ወይ አሉኝ። አልጠይቅም ስላቸው ደስ አላቸው፤ እንግዳን ጠጥቶ ሳይረካ ማን ነህ ከየት ነህ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው ብለው ኮምፒውተሯን ራሳቸው ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀመጧት፣ ዳንቴልም አለበሷት። ትሞቃለች ብዬ ዳንቴሉን ባነሣው ቅር ተሰኙብኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ዛሬም መንገደኞችህ ሜዳ ላይ ቀሩ እያሉ የሚጨነቁት እሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ።

፩. ስለ ፍተሻው። ግማሽ ዳቦ የምታህል አንዲት ኮምፒውተር ለመውሰድ ዘጠኝ ሰው መመደባችሁ ለሥራችሁ ያላችሁን ክብር ያሳያል። ኮምፒውተሯን ከነዳንቴሏ፣ ሬዲዮኑን፣ እንዲሁም ሽቦ አለው በሚል ምክንያት ካውያውን ወስዳችኋል፤ መስመሩ የሚገባበትን ሳጥን ግን ግድግዳው ላይ ትታችሁት ሄዳችኋል፤ እስከዛሬ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃችኋል። የጓሮውንም በር ማምለጫ ነው ብላችሁ በቆርቆሮ ጠርቅማችሁ መታችሁት። ባለፈው ቅዳሜ ገበያተኛው ሸክሙን እንደተሸከመ ቆርቆሮው ድረስ እየመጣ ሲመለስ ዋለ፤ እማማ የት ሄዱ የሚለኝ ሲበዛ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

፪. ስለ ምርመራው። የእማማ ቃል የሰፈረበትን ወረቀት በምስክርነት እንድፈርም ስለሰጣችሁኝ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥንቅቅ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ በቤትሽ ሰው ታሳልፊያለሽ ወይ ተብላ ተጠይቃ፣ አዎ ድሮም አሳልፋለሁ ብላለች። በቀን ስንት ይሆናሉ ስትባል፣ ልጁ አራት ሺህ አለፉ ብሎኛል ብላ አምናለች። ስማቸውን ተናገሪ ስትባል፣ እንግዳ ስሙ አይጠየቅም በማለት ለመተባበር ፈቃደኛ ሳትሆን ቀርታለች። ይህንን ተከትሎ ሁለት ባልደረቦችዎ ሜትር ይዘው መጥተው ሳሎኑን ለኩት፤ አራት ሺህ ሰው የት እንደሚያድር ለማጣራት ነው። አልገጠመላቸውም፤ አለመግጠሙም ጥርጣሬያቸውን ይበልጥ አጠናከረው። መርማሪው ሚፍታ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እኔ ያላደግሁበትን የእንግዳ ወግ ከእናቱ ተምሮ ያደገ ሰው ነው፤ ግን እሱም ጻፈው። እኔ ምንም አላውቅም ቢሉ ኖሮ በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው እንመልሳቸው ነበር ሲል ራሱ አጫውቶኛል። መዋሸት ባለመቻላቸው ታሰሩ ማለት ነው።

፫. ስለ ጥቆማው። ይህ ሁሉ የመጣው በራችሁ ላይ ከተሰቀለው ሳጥን በተገኘ፣ ስም በሌለው አንድ ወረቀት ነው። ማን ነው የጻፈው ብዬ ብጠይቅ ሚፍታ ክፉኛ ተቆጣኝ። የጠቋሚ ማንነት በምስጢር ይጠበቃል፣ ሰው ስሙ እንደማይወጣ እርግጠኛ ካልሆነ እውነቱን አይናገርም፣ ይህን አመኔታ መጠበቅ ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው አለኝ። ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም። የእኔን የበጎ ፈቃድ ሥራ ይህን ያህል አሳምሮ ያስረዳልኝ ሰው እስከዛሬ አላጋጠመኝም፤ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

፬. እኔን ስላለማሰራችሁ። በሁለተኛው ቀን መጥቼ ኮምፒውተሯም ሐሳቡም የእኔ ነው፣ እሳቸውን ልቀቁና እኔ ልግባ አልኩ፤ መስመሩ በስምህ አይደለም፣ ሥራ አታስፈታን ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። በሰባተኛው ቀን ማመልከቻህ «ጉዳዩ» የሚል የለውም ተባልኩ፤ «ጉዳዩ፦ መታሰርን ስለመጠየቅ» ብዬ ጨመርኩበት። በአሥረኛው ቀን፣ የማናውቀውን ሰው አናስርም፣ ከቀበሌ የነዋሪነት ማረጋገጫ ይዘህ ና ተባልኩ። ቀበሌ ሄድኩ፤ የተከራይ ነዋሪነት የሚረጋገጠው አከራይዋ በአካል ቀርባ ስትፈርም ነው አሉኝ። አከራይዋ ታስራለች ብላቸው፣ ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ስትፈታ ይዘሃት ና አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ እሳቸው እንዲፈቱ እኔ መታሰር አለብኝ፤ እኔ እንድታሰር ደግሞ እሳቸው መፈታት አለባቸው። ይህን አሠራር ያፈለቀውን ጭንቅላት ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሻለሁ፤ ጨርቄን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

፭. ስለ እግራቸው። ሲገቡ ጫማቸውን አስወልቃችኋቸዋል፤ ደንብ ነው፣ ደንብ ይከበር። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ቢቆስል ቶሎ አይሰማውም፤ ሲሚንቶው ሲልጣቸው እሳቸውም አልተሰማቸውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምሳ ሳቀብል የእግራቸው አውራ ጣት ጠቁሮ አየሁት። ጎረቤታችን መቅደላዊት ነርስ ናት፤ ለምኜ ይዣት መጣሁ፤ በፍርግርጉ በኩል አይታ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልሄዱ እግራቸውን ያጣሉ አለች። ተረኛው የሕክምና ጥያቄ የሚስተናገደው ማክሰኞና ሐሙስ ነው አለን፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር። ማክሰኞ ስንመጣ ፈራሚው ስብሰባ ገብቷል፤ ትናንት ሐሙስ ስንመጣ ደግሞ ስብሰባው አላለቀም። የማቀብለውን ኢንሱሊን ሙቀት እንዳይነካው ብዬ አደራ ስለው፣ ተረኛው እንዳይሰበር አስቦ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደረደረው።

ኧረ በፈጣሪ! እግር እኮ ነው! ሰው እግሩ ሲበሰብስ እያያችሁ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው የምትሰበሰቡት? ትናንት ያንን ጣት እያየሁ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ ሳለቅስ እማማ ምን ብለው ጠየቁኝ መሰለዎት፤ መንገደኞቹ አሁን በማን በኩል እያለፉ ነው አሉኝ። በሌላ ሰው ቤት እያለፉ ነው እማማ፣ ሌሎች ብዙ ቤቶች አሉ አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ለማላውቀው ሰው ብዬ የማውቀውን ሰው አሳልፌ ሰጠሁ፤ ይህን ለማንም ብናገር ቀለል አይለኝም።

ከላይ ስላመለጠኝ ድምፅ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጥያቄዬ እንደሚከተለው ነው፦ እማማ ዙቤዳ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይወሰዱ። በእሳቸው ቦታ እኔ ልግባ፤ ጫማዬን ደጅ አውልቄ እመጣለሁ፣ ሲሚንቶውም ይስማማኛል። መንገደኞቹን በሙሉ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ስማቸውን እኔም አላውቅም፤ ይህንንም በእኔ ስም መዝግቡት። ፍርዱ ምንም ይሁን ምን ይግባኝ እንደማልል ከአሁኑ አረጋግጣለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ እያፈርኩ፣ ደረጃውን ወጥቶ ቢሮዎ በር ላይ ሊቀር በሚችል ከፍተኛ አክብሮት፣

ዮፍታሔ አሳምነው
ሊታሰር ያልቻለ ዜጋ

ግልባጭ፦
ለጥቆማ ሳጥኑ፤ ከሁሉም ቶሎ የሚነበበው እሱ ስለሆነ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ወደ እናንተ ልመጣ ስል ከጽሕፈት ቤትዎ ተደወለልኝ። ጥያቄዬ ተቀባይነት ያገኘ መስሎኝ ፎጣዬንና የጥርስ ብሩሼን ይዤ በረርኩ። ለካስ እማማ ዙቤዳ ጠዋት ራሳቸውን ስተው፣ ያለ ማመልከቻ፣ ሆስፒታል ተወስደዋል። እግራቸው ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ አይተርፉም፤ የተፈለግሁት የሚፈርም ዘመድ ስለጠፋ ነው። ልጅ እንዳልወለዱ፣ ባለቤታቸውም እንዳረፉ መዝገባችሁ ላይ ሰፍሯል። እኔ ግን ቅጹ ላይ ዝምድና ከሚለው አጠገብ «ልጅ» ብዬ ጽፌ ሙሉ ስሜን አኖርኩና ፈረምኩ። ለመንግሥት ተቋም ሐሰት መጻፍ ወንጀል ነው፤ ይኸው፣ በእጄ ጽሑፍ፣ በራሴ ስም የተፈጸመ ወንጀል አገኛችሁ። የምገኘው ቀዶ ሕክምናው በር ላይ ነው። ኑና ውሰዱኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፣ ነቅተው እግራቸውን ሲያጡት አጠገባቸው ሰው እንዲኖር፣ እስኪነቁ ድረስ ታገሡኝ።