ዜሮ የሚያሳይ ካርድ ለሸጡልኝ ለክቡር ኢንጂነር ምልኬሳ

ለክቡር ኢንጂነር ምልኬሳ፣
የኮምፒውተር መሸጫ ባለቤትና ዋና ባለሙያ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ እጅግ እንደማስብ፣ በተለይም ይህ ደብዳቤ ጥርሶችዎ ሳይጎድሉ እንዲደርስዎ ከልቤ እንደምመኝ እገልጻለሁ፤ የእኔ የፊት ሁለቱ ሁሩታ ከተማ የመልስ ድንኳን ውስጥ ስለቀሩ የጥርስን ክብር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሰይፈሚካኤል እባላለሁ፤ የሠርግ ቪዲዮ የምሠራ፣ አዲስ ኮምፒውተር ከእርስዎ የገዛሁና የግራፊክስ ካርዱ ቁጥሮች ግራ ባጋቡኝ ቁጥር እየደወልኩ እንቅልፍ የነሳሁዎት ደንበኛዎ ነኝ። በስልክ ላስተማሩኝ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎት እወዳለሁ።

1. ኮምፒውተሩ ሁለት ግራፊክስ ካርድ እንዳለው ሲያሳየኝ ደንግጬ ብደውልልዎ፣ አንዱ ምራቂ መሆኑን በደስታ አበሰሩኝ። እኔም ፈጣሪ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው ለምኜ ስልኩን ዘጋሁ። ምራቂ ያሉት ከዋናው ቺፕ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ደብዳቤ ከመጻፍ የማያልፍ ትንሽ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ከተደበደብኩ በኋላ ነው።

2. ለሥራዬ ብዬ የገዛሁት ትልቁ ካርድ ቀኑን ሙሉ ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል የሥራ መጠኑ ዜሮ በመቶ ማለቱን ስነግርዎ፣ ዜሮ ማለት እንደ ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪና ያልተነካ ማለት ስለሆነ ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አስረዱኝ። ደስ አለኝ። ለሰፈሩ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

3. ትንሹ ደግሞ መቶ በመቶ ሲል ፈተናውን ደፍኗል አሉኝ። ሙቀቱ ዘጠና ስምንት ዲግሪ ደርሶ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ መጥፋት ሲጀምር የአዳማን ፀሐይ ከሰሱ። ሳጥኑን ልክፈተው ብል የዋስትናው ማሸጊያ ከተቀደደ እንደማያውቁኝ አስጠነቀቁኝ። የያዝኩትን መዶሻ መልሼ አስቀመጥኩ፤ ለዚያ ትዕግሥቴ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

4. አራተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል። እኔ የቀረጽኩት የሙሽራዋ የፋና ሠርግ እዚሁ አዳማ ሲደገስ እናቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ ሁሩታ የአልጋ ቁራኛ ስለነበሩ ልጃቸውን በቬሎ አላዩም። ስለዚህ የመልሱ ዕለት አልጋቸው ድንኳን ገብቶ ፊልሙ በትልቅ ስክሪን እንዲታይላቸው ተወሰነ። ኮምፒውተሩ እየጠፋ ፊልሙን አዘጋጅቶ ማውጣት ስላቃተው እሱኑ ተሸክሜ ሄድኩ። ፊልሙ ተጀመረ። የሙሽሮቹ መኪና በር ተከፈተ፤ የፋና ነጭ ጫማ ወጣ፤ ስክሪኑ ጨለመ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ልጄ የታለች ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ።

ዜሮ ማለት አዲስ ማለት መሆኑን ለቤተሰቡ ላስረዳ አፌን ስከፍት የታላቅ ወንድሟ የገመቹ ቡጢ ገባበት። ታናሹ አማኑ ኮምፒውተሩን ከራሱ በላይ አንስቶ አፈረጠው፤ አልበቃው ብሎ የድንኳኑን ካስማ የያዘውን ድንጋይ ነቅሎ ወቀጠው። በዚህ ሁኔታ፣ ክቡር ሆይ፣ የተከበረው ማሸጊያዎ ተቀደደ። እኔም ደም እየተፋሁ አጠገቡ ወድቄ ስለነበር ውስጡን በደንብ አየሁት። በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ከፋብሪካ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ከመጠቀም በፊት ይነሳ ከሚል ቀይ ጽሑፉ ጋር እንዳለ ነበር። የትልቁ ካርድ የስክሪን መሰኪያዎችም ክዳናቸው አልተነቀለም። ሶፋችንንና የመኪና ወንበራችንን በፕላስቲክ እንደምናቆየው፣ እርስዎም አዲስነቱ እንዳይነካ ብለው የስክሪኑን ገመድ በትንሹ ላይ ሰክተውልኝ ኖሯል። ትልቁ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ ትንሹ ተጠብሶ ሞተ። ምስጢሩ ይኸው ነው።

ካሜራዬን ለሚቀጥለው ሠርግ ባዶ አድርጌው ስለነበር ፊልሙ የነበረው በዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። አሁን የለም። ወይዘሮ ወርቅውሃ ከልጃቸው ሠርግ ያዩት አንድ ጫማ ነው። እኔን የሚጠራኝ ሠርግም ጠፍቷል። እጠላዎታለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በፍጹም አክብሮት እጠላዎታለሁ፤ ስምዎ በተነሳ ቁጥር እጄ የሚጨብጠው አንገት ይፈልጋል።

ሱቅዎ እንደ ካርድዎ ሁልጊዜ ዜሮ ዜሮ ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ማሸጊያውን እስከ መጨረሻው ያከበርኩ፣ በቀሩኝ ጥርሶች የማመሰግንዎት፣

ትሑት ደንበኛዎ
ሰይፈሚካኤል
የቀድሞ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በድንጋይ የወቀጡት ለእናታቸው የተረፈውን ብቸኛ የሠርግ ፊልም መሆኑን ለገመቹና ለአማኑ ነገርኳቸው። እንደ ሕፃን አለቀሱ። እንባቸው ሲደርቅ ስለ ፕላስቲኩ ነገርኳቸው፤ ያን ጊዜ ቁጣቸው አዲስ አድራሻ ስለፈለገ የሱቅዎን ሰጠኋቸው። ቅዳሜ ይመጣሉ። የባንኮኒዎ መስታወት ላይ የፋብሪካው ፕላስቲክ እስካሁን እንዳለ አይቻለሁ። እባክዎን አያንሱት፤ ስብርባሪውን ይይዝልዎታል።